ፍሬ የሚያወጣ የኪሮሽ ሥራ
ለደጋ አገር መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ የእጅ ሥራ ትምህርት

1ኛ፤ የትምህርቱ ምክንያት

በደብረ ታቦርና በዙሪያው ባለው ደጋ፥ ከጉና ተራራ ሥር ከፋርጣ ጀምሮ እስከ እስቴና እስከ ጋይንት ድረስ፥ ፈትል መፍተል ሴት ልጅ ከእናቷ የምትወርሰው ሙያ ሆኖ ኖሯል። ጥጥ ከቆላ አገር ወደ ገበያ ይመጣል፤ በቤት ይዳመጣል፥ ይነደፋል፥ ባዘቶ ይሆናል፤ በእንዝርትም ከተፈተለ በኋላ ልቃቂቱ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ብርድ በሚበረታበት በላይኛው ደጋ ደግሞ የበግ ጠጕር ተፈትሎ ባና ይሠራበታል። ስለዚህ በዚህ አገር የሚያድግ ልጅ ፊደል ከመቍጠሩ አስቀድሞ አንድ ክንድ ክር ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ በዐይኑ ያያል።

ይህ ትምህርት በዚያ ዕውቀት ላይ አንድ ነገር ይጨምራል። ይኸውም ያለ ሸማኔ ዕቃ፥ በአንዲት ትንሽ መንጠቆና በአንድ ክር ብቻ፥ ፊቱ ሽምብራ የተዘራበት የሚመስል ጨርቅ መሥራት ነው። በየቤቱ ለረከቦትና ለጠረጴዛ ልብስ የሚሆነው ዳንቴል ብዙውን ጊዜ ስስና ሜዳማ ነው። ፍሬ ያለው ሥራ ግን ወፍራምና ሙቀት የሚይዝ ስለ ሆነ ለቆብ፥ ለአንገት ልብስና ለሕፃን መደረቢያ ይስማማል።

ነገር ግን ይህ አሠራር ለትምህርት ቤት የተመረጠው ስለ ጌጡና ስለ ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ፍሬው የሚወጣው ሠሪው በማያየው ፊት በኩል ነውና፥ እጅን የሚመራው ዐይን ሳይሆን ቍጥር ነው። ቍጥሩን የጠበቀ ልጅ ሥራውን ገልብጦ ሲመለከት ፍሬዎቹ በየተራቸው ቆመው ያገኛቸዋል፤ ቍጥሩን ያጐደለ ደግሞ ስሕተቱን ማንም ሳይነግረው ከጨርቁ ላይ ያነበዋል። እንግዲህ የእጅ ሥራው ሰዓት ከሒሳቡ ሰዓት የተለየ አይደለም።

2ኛ፤ ስለ ስሙና ስለ ታሪኩ

ኪሮሽ የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። በአገራችንም መንጠቆውም ሥራውም በዚህ ስም ይጠራል። ዳንቴል የሚለውም እንዲሁ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ የጨርቁ ጠርዝ እንደ ትናንሽ ጥርስ ስለሚመስል ይህ ስም ወጣለት።

የዚህ ሥራ ጥቅም ከታየባቸው አገሮች አንዷ አየርላንድ ናት። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1845 በዚያች አገር የድንች ተክል በበሽታ ተመታ፤ ድሃው ሕዝብ ከድንች በቀር ሌላ ምግብ አልነበረውምና ለብዙ ዓመት በጽኑ ረኃብ ተጐዳ። በዚያን ጊዜ ገዳማውያትና ሌሎችም ሴቶች ለድሆች ቤተ ሰቦች ኪሮሽ ያስተምሩ ጀመር። በ1847 ክሎንስ በምትባል ከተማ የቄስ ባለቤት የነበሩት ካሳንድራ ሃንድ ይህን ሥራ አቋቋሙ፤ የተሠራውም እየተሸጠ ለብዙ ቤት መተዳደሪያ ሆነ። ክሩን በመንጠቆው ላይ ደጋግሞ በመጠምጠም የሚሠራ አንድ ጐላ ያለ ቋጠሮ እስከ ዛሬ በከተማዋ ስም የክሎንስ ቋጠሮ ይባላል።

ድንች በጉና ዙሪያ ላለ ገበሬ የታወቀ አዝመራ ስለ ሆነ ይህ ታሪክ ሩቅ ሆኖ አይታይም። ሆኖም የታሪኩ ፍጻሜ ደግሞ ሊነገር ይገባል። የኪሮሽን መሳይ በመኪና የሚያወጡ ፋብሪካዎች ሲነሡና የሰው የልብስ ምርጫ ሲለወጥ የአየርላንድ ሴቶች ገበያ ደከመ። ከዚህ የሚገኘው ምክር፥ የእጅ ሥራ ለእርሻ ድጋፍ እንጂ ምትክ አይደለም የሚል ነው። መኪና የሚያወጣው መሳዩን ነው፤ እውነተኛው የኪሮሽ ሥራ በገበያ የሚገኘው ከሰው እጅ ስለ ሆነ፥ በጥንቃቄ የተሠራው ዋጋውን አያጣም።

3ኛ፤ ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ

የሚያስፈልገው መንጠቆ፥ ክርና መቀስ ብቻ ነው። መንጠቆ ከገበያ ይገዛል፤ ካልተገኘ ግን ከወይራ እንጨት ሊጠረብ ይችላል። ርዝመቱ አንድ ስንዝር ያህል ይሁን፤ ጫፉ እንደ ወፍ ምንቃር ጐበጥ ብሎ ከሥሩ ክሩ የሚያርፍበት ጐድጓዳ ይውጣለት፤ ከዚያም ክር እንዳይዝ በብርጭቆ ወረቀት በሚገባ ይለስልስ። ክሩ በጐድጓዳው ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚተኛ መሆን አለበት። መንጠቆው ለክሩ የቀጠነ እንደ ሆነ ክሩን እየሰነጠቀ ያስቸግራል፤ የወፈረ እንደ ሆነ ደግሞ ጨርቁ ይላላና ፍሬው አይቆምም።

በቤት የተፈተለ ጥጥ ለዚህ ሥራ ይሆናል፤ ነገር ግን ነጠላውን እንዳለ ቢሠሩበት አክርሮቱ እየተፈታ ይበጣጠሳል። ስለዚህ ሁለት ፈትል አንድ ላይ ተይዞ፥ መጀመሪያ ከተፈተለበት አቅጣጫ በተቃራኒው በእንዝርት ይገመድ። በዚህ ዓይነት የተገመደው ክር አይጠማዘዝም፥ ጥንካሬውም ይበልጣል። ለጀማሪ ነጭ ወይም ደማቅ ያልሆነ ቀለም ያለው ወፈር ያለ ክር ይሰጠው፤ በጥቍር ክር ላይ ቀለበቶቹን ለይቶ ማየት አስቸጋሪ ነውና።

4ኛ፤ የሥራው መሠረት

ተማሪው ወደ ፍሬው ከመድረሱ በፊት ሦስት ነገር ሊያውቅ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ሰንሰለት፥ አጭር ቋሚና ረጅም ቋሚ ይባላሉ። ቋሚ መባላቸውም እንደ ቤት ቋሚ በየተራ ቆመው ጨርቁን ስለሚይዙ ነው።

ሰንሰለት፤ በክሩ ጫፍ አንድ የሚጠብቅ ቀለበት ተሠርቶ በመንጠቆው ላይ ይደረጋል። መንጠቆው ክሩን ይዞ በዚያ ቀለበት ውስጥ ሲያወጣ 1 ሰንሰለት ይሆናል። ይህ ሲደጋገም ጨርቁ የሚመሠረትበት ገመድ ይገኛል።

አጭር ቋሚ፤ መንጠቆው ከታች ባለው ራስ ይገባል፤ ክር ስቦ ሲወጣ በመንጠቆው ላይ 2 ቀለበት ይሆናል። እንደ ገና ክር ይይዝና በ2ቱ ውስጥ ያወጣዋል፤ 1 ቀለበት ይቀራል።

ረጅም ቋሚ፤ መንጠቆው ከመግባቱ በፊት ክሩ አንድ ጊዜ ይጠመጠምበታል። ገብቶ ክር ስቦ ሲወጣ 3 ቀለበት ይሆናል። ክር ይዞ በ2ቱ ብቻ ሲያወጣ 2 ይቀራል፤ እንደ ገና ክር ይዞ በ2ቱ ሲያወጣ 1 ይቀራል።

የአጭሩ ቋሚ ቁመት ከ1 ሰንሰለት፥ የረጅሙ ቁመት ደግሞ ከ3 ሰንሰለት ጋር ይተካከላል። ይህን ልዩነት መምህሩ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ሥሎ ያሳይ፤ ፍሬው የሚነሣው ከዚሁ ልዩነት ነውና።

5ኛ፤ ፍሬው እንዴት እንደሚሠራ

ፍሬ ማለት በአንድ ራስ ላይ የቆሙ፥ መጨረሻቸው ያልተፈጸመ 5 ረጅም ቋሚዎች በአንድ ጊዜ ሲታሠሩ ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

ሥራው ሲጀመር በመንጠቆው ላይ 1 ቀለበት አለ። ክሩ አንድ ጊዜ ይጠመጠማል፤ መንጠቆው ፍሬው በሚቆምበት ራስ ይገባል፤ ክር ስቦ ይወጣል፤ ክር ይይዝና በ2 ቀለበት ብቻ ያወጣዋል። በዚህ ጊዜ በመንጠቆው ላይ 2 ቀለበት ይገኛል፤ ቋሚው አልተፈጸመም፥ እንዲሁ ይተዋል። ይኸው ሥራ በዚያው ራስ ላይ እንደ ገና ሲደገም 3፥ ከዚያም 4፥ ከዚያም 5፥ በመጨረሻ 6 ቀለበት ይሆናል። አሁን ክር ይያዝና በ6ቱም ውስጥ በአንድ ጊዜ ይሳባል። አምስቱ ቋሚዎች አንድ ራስ ሆነው ይታሠራሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ አንድ አንዱ ለብቻው ቀጭን የሆነው ቋሚ አብሮ ሲታሠር ጣት ቢጫነው የማይበገር ፍሬ ይሆናል።

ልጆች መምህሩን ፍሬው ለምን እንደሚነሣ መጠየቃቸው አይቀርም። ምክንያቱ ይህ ነው። ፍሬው ቁመቱ 3 ሲሆን፥ በግራና በቀኙ ያሉት ጎረቤቶቹ አጭር ቋሚዎች ስለ ሆኑ ቁመታቸው 1 ነው። ረጅሙ ወደ ላይ መቆም እንዳይችል አጫጭሮቹ ይዘው ያስቀሩታል፤ ስለዚህ ይጐብጣል። ለምለም ቀንበጥ ጫፍና ጫፉ በሁለት እጅ ተይዞ ሲጫን እንደሚጐብጥ ያለ ነው፤ መምህሩ ይህንኑ በቀንበጥ ቢያሳይ ልጆቹ ፈጥነው ያስተውላሉ። የሚጐብጠውም ከሠሪው ወደዚያ፥ ማለት ወደ ጨርቁ ማዶ ነው። ስለዚህ ፍሬ ያለው ተራ የሚሠራው የጨርቁ ጀርባ ወደ ሠሪው ዞሮ ሳለ ነው፤ ፍሬው ግን በፊቱ በኩል ይወጣል።

6ኛ፤ የመለማመጃው ቍራጭ

ተማሪው 24 ሰንሰለት ይሥራ። ከዚህ በኋላ ተራዎቹ በቅደም ተከተል እንዲህ ናቸው።

1ኛ ተራ (ፊት)፤ ከመንጠቆው ቈጥሮ በ2ኛው ሰንሰለት ይጀምርና በየሰንሰለቱ 1 አጭር ቋሚ ያቁም። ጠቅላላው 23 ነው። በየተራው መጨረሻ 1 ሰንሰለት ሠርቶ ጨርቁን ያዙር፤ ይህች ሰንሰለት በቍጥር አትገባም።

2ኛ ተራ (ጀርባ)፤ 3 አጭር ቋሚ፤ ከዚያ 1 ፍሬና 3 አጭር ቋሚ፥ ይህም 5 ጊዜ ይደገም። 5 ፍሬና 18 አጭር ቋሚ፥ በጠቅላላው 23 ይሆናል።

3ኛ ተራ (ፊት)፤ በየራሱ 1 አጭር ቋሚ፤ በፍሬውም ራስ ላይ እንዲሁ 1 ብቻ። ጠቅላላው 23 ነው።

4ኛ ተራ (ጀርባ)፤ 5 አጭር ቋሚ፤ ከዚያ 1 ፍሬና 3 አጭር ቋሚ፥ ይህም 4 ጊዜ ይደገም፤ በመጨረሻ 2 አጭር ቋሚ። 4 ፍሬና 19 አጭር ቋሚ፥ በጠቅላላው 23 ይሆናል።

5ኛ ተራ (ፊት)፤ እንደ 3ኛው ተራ ነው።

ከዚህ በኋላ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ያሉት ተራዎች ይደጋገማሉ። የ4ኛው ተራ ፍሬዎች በ2ኛው ተራ ፍሬዎች መካከል ስለሚውሉ ጨርቁ በሥርዓት እንደ ተተከለ ችግኝ ይታያል። ሰፊ ጨርቅ ለመሥራት የፈለገ ሰው በመነሻው ቍጥር ላይ 4፥ 8፥ 12 እያለ በ4 በ4 ይጨምር፤ ሥርዓቱ አይፈርስም።

7ኛ፤ ስለ ስሕተትና ስለ ማረም

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደርሱት ስሕተቶች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የቋሚዎቹ ቍጥር ማነስ ወይም መብዛት ነው። ከፍሬው በላይ ባለው ተራ ልጁ የፍሬውን ራስ ሳያየው ያልፈዋል፥ ወይም በዚያ ላይ 2 ቋሚ ያቆማል። ስለዚህ ፍሬ የሌለው ተራ ሁሉ ሲያልቅ ቈጥሮ 23 መሆኑን ሳያረጋግጥ ወደሚቀጥለው አይለፍ።

ሁለተኛው ፍሬው ወደ ጨርቁ ጀርባ በኩል ወይም ወደ ሁለቱም በኩል መውጣቱ ነው። ይህ የሚሆነው ልጁ የተራውን ቍጥር ስቶ ፍሬውን በፊት ተራ ላይ ሲሠራ ነው። ፍሬ የሚሠራው በ2ኛ፥ በ4ኛ፥ በ6ኛ፥ ማለት በሙሉ ቍጥር ተራ ብቻ መሆኑን ያስታውስ።

ሦስተኛው የፍሬው መላላት ነው። ቀለበቶቹ እኩል ሳይሆኑ አንዱ ረዝሞ ሌላው አጥሮ ሲቀር ፍሬው እንደ ተበላ እሸት ክፍት ይሆናል። መድኃኒቱ ስድስቱን ቀለበቶች በመንጠቆው ወፍራም ክፍል ላይ እኩል ማድረግና፥ ክሩ ከተሳበ በኋላ ቀጣዩን አጭር ቋሚ ጠበቅ አድርጎ መሥራት ነው።

አራተኛው ክሩ በስድስቱ ውስጥ አላልፍ ማለቱ ነው። ይህ እጁ እጅግ ለሚያጠብቅ ልጅ ይደርስበታል። እንዲህ ያለው ተማሪ አስቀድሞ በ3 ቋሚ፥ ቀጥሎም በ4 ይለማመድ፤ እጁ ሲላላ ወደ 5 ይውጣ።

ስሕተት ሲገኝ መምህሩ በመቀስ አይቍረጥ፥ ልጁንም አይቈጣ። የኪሮሽ ሥራ ከሌላው ሙያ የሚለይበት አንድ ጸጋ አለው፤ ክሩ ቢሳብ ስሕተቱ እስካለበት ድረስ ይፈታል፥ ክሩም እንደ ገና ይሠራበታል። የተቈረጠ ጨርቅ፥ የተሰበረ ሸክላ አይመለስም፤ ይህ ግን ይመለሳል። የክሩ ጌታ ብዙ ሌሊት በእሳት ዳር ተቀምጣ የፈተለች እናት ናትና፥ አንድ ክንድ እንኳ እንዳይጣል ልጁን ማስተማር ይገባል። መፍታቱንም ልጁ ራሱ ያድርገው። ሌላ ሰው የፈታለት ልጅ ስሕተቱ የት እንደ ነበረ አያውቅም።

8ኛ፤ ሥራውን ወደ ሒሳብ ስለ መመለስ

ፍሬ ያለው ጨርቅ ከሜዳማው ይልቅ ብዙ ክር ይበላል። ምን ያህል እንደሚበልጥ በየክሩና በየእጁ ስለሚለያይ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይለኩ። 3ኛው ተራ እንዳለቀ ይፈታና ክሩ በስንዝር ይለካል፤ ቀጥሎ 2ኛው ተራ ይፈታና እንዲሁ ይለካል። ሁለቱ ቍጥሮች በሰሌዳ ላይ ይጻፉና ልዩነታቸው ይገኝ። ልዩነቱ ለ5 ሲካፈል አንድ ፍሬ ከአንድ አጭር ቋሚ ይልቅ ምን ያህል ክር እንደሚጨምር ይታወቃል።

ይህ ከታወቀ በኋላ ከፍ ያለ ሒሳብ ይሰጣል። ባለ 4 ተራው ሥርዓት 5 ጊዜ ቢደገም ቍራጩ ከ1ኛው ተራ ጋር 21 ተራ ይሆናል። በአንድ ሥርዓት ውስጥ 9 ፍሬ ስላለ በጠቅላላው 45 ፍሬ፥ ማለት 225 ያልተፈጸመ ረጅም ቋሚ ይገኛል። አጭር ቋሚዎቹ በየሥርዓቱ 83 ናቸው፤ ለ5 ሲባዛ 415፥ የ1ኛው ተራ 23 ሲጨመር 438 ይሆናል። ልጆቹ ይህን በወረቀት ካገኙ በኋላ በጨርቁ ላይ ቈጥረው ያመሳክሩ።

ሥራው ለገበያ የሚውል እንደ ሆነ ደግሞ ዋጋውን ማውጣት ይማሩ። የክሩ ዋጋና የሥራው ሰዓት ተለይተው ይጻፉ። ብዙ ሴቶች የክሩን ዋጋ ብቻ አስበው ይሸጣሉ፤ የገዛ ድካማቸውን እንደ ከንቱ ስለሚቈጥሩት ሙያቸው ሳያተርፍላቸው ይቀራል። ሰዓቱን የመዘገበ ልጅ ግን ነጋዴ ዋጋ ሲያወርድበት የሚመልሰው ቃል አለው።

9ኛ፤ ለአገር ሽማግሎች

አንዳንድ አባቶች ልጅን ወደ ትምህርት ቤት የሰደድነው ፊደል እንዲማር ነው፤ መንጠቆ ማንሣት ምን ይረባዋል ይላሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ የእጅ ሥራ የንባብን ሰዓት ሊሻማ አይገባውምና። ስለዚህ ትምህርቱ በሳምንት ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት አይበልጥ፥ ቍጥሩም በደብተር ይጻፍ።

የእጅ ሥራን መናቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በአገራችን ብዙ ጕዳት ያደረሰ ጠባይ ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ዳግማዊ አጼ ቴዎድሮስ የአውሮፓንና የአገሩን የእጅ ሥራ ሰዎች ሰብስበው፥ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በ1859 ዓ.ም. አሠርተዋል። ያ ሥራ ለጦርነት የታሰበ ቢሆንም፥ ንጉሡ የእጅ ዕውቀትን ምን ያህል ይሹት እንደ ነበረ ያስረዳል። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ዳግማዊ አጼ ምኒልክ ብረት ሠሪውን፥ ሸማኔውንና ሌላውን ባለ ሙያ በሥራው ምክንያት የሚሰድቡ ሰዎች እንዲተዉ አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ያስፈለገው ስድቡ በርትቶ ስለ ነበረ ነው።

ሽማግሎች በዚህ ትምህርት ሁለት ነገር ሊረዱ ይችላሉ። አንደኛ፥ በመንደሩ ፈትል የሚያውቁ እናቶችን ወደ ትምህርት ቤቱ ጋብዘው ክር አገማመድ ለልጆቹ እንዲያሳዩ ማድረግ ነው፤ መምህሩ የማያውቀውን እናቶች ያውቁታልና። ሁለተኛ፥ ወንድ ልጅ ኪሮሽ ቢይዝ እንዳይሳቅበት መከልከል ነው። በዚህ አገር ሸማ የሚሠራው ወንድ ነው፤ በክር መሥራት ለወንድ ነውር እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

10ኛ፤ ለክለሳ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. በአንድ ፍሬ ላይ አምስተኛው ቋሚ ሲያበቃ በመንጠቆው ላይ ስንት ቀለበት ይገኛል? ቋሚዎቹ 4 ቢሆኑስ?

ለ. ፍሬው በጨርቁ ፊት የሚወጣው ለምን በጀርባ በኩል ሲሠራ ነው?

ሐ. 31 ቋሚ ያለው ጨርቅ ቢጀመር በ2ኛው ተራ ስንት ፍሬ ይኖራል? በ4ኛውስ?

መ. በ3ኛው ተራ መጨረሻ ልጁ 22 ቢያገኝ ስሕተቱን መጀመሪያ የት ይፈልገው?

ሠ. ሁለት ነጠላ ፈትል ሲገመድ አቅጣጫው ለምን ይለወጣል?

መምህሩ የሐ ጥያቄን መልስ በቃል ከመቀበል ይልቅ ልጆቹ ጨርቁን ጀምረው እንዲያሳዩት ያድርግ። በ2ኛው ተራ 7፥ በ4ኛው 6 ፍሬ ያገኘ ልጅ ሥርዓቱን አውቆታልና፥ ከእንግዲህ ቆብ ይጀምር።